ፈቃድ ያልነበረው ቻናል 3፦ የሌንስቪል ቲቪ አምስት ዓመት

ሌንስቪል በኒው ዮርክ ግዛት፣ በካትስኪል ተራሮች ውስጥ የተሸጎጠች መንደር ናት። በሸለቆዋ መሃል አንድ መንገድና አንድ ወንዝ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ግራና ቀኙ ተራራ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማው ቴሌቪዥን ሞገድ እዚያ በቅጡ አይደርስም ነበር። ተራራው ይጋርደዋል። ቴሌቪዥን ያለው ሰው እንኳ አንቴናውን ሲያዞር ውሎ የሚያገኘው ድብዝዝ ያለ ምስል ነው።

ከ1972 እስከ 1977 ግን ይህች መንደር የራሷ ጣቢያ ነበራት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ሌንስቪል ቲቪ ይባላል። የሚታየው በቻናል 3 ነው። ባለቤቶቹ “ምናልባት የአሜሪካ ትንሹ ቴሌቪዥን ጣቢያ” እያሉ ይጠሩት ነበር። በእነዚያ ዓመታት 258 ጊዜ አሰራጭቷል። ፈቃድ ግን አልነበረውም።

ስለዚህ ጣቢያ ሲወራ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚነሳው ሕገ ወጥነቱ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ድብቅ ቴሌቪዥን፣ ሕግን የደፈሩ ወጣቶች፣ ወዘተ። ይህ ስህተት አይደለም። ዋናውን ነገር ግን ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ። ጣቢያውን መንግሥት አልዘጋውም። ፖሊስም ማሰራጫውን አልወሰደም። ያለ ፈቃድ አምስት ዓመት ሠርቶ በራሱ ጊዜ ቆመ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ እሱ ላሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ሕጋዊ በር ተከፈተ። እኔ ይህን ጉዳይ ማጥናት የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው። አንድን የመንደር ጣቢያ በሕይወት የሚያቆየው ፈቃድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰዎቹ ከየት መጡ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ዕቃ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቴሌቪዥን ለመሥራት ትልቅ ስቱዲዮ፣ ከባድ ካሜራና ቁም ሣጥን የሚያህል መቅረጫ ያስፈልግ ነበር። ሶኒ በ1967 ፖርታፓክ የሚባለውን መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ካሜራው በእጅ ይያዛል፤ መቅረጫው በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ሁለቱን ገመድ ያገናኛቸዋል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቴፑ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ጥቅል ሲሆን አንዱ ጥቅል ግማሽ ሰዓት ያህል ቢይዝ ነው። ከመኪና ግን ይረክሳል። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ቴሌቪዥን ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ነበር። አሁን ማንም ሊሠራው ቻለ።

በነሐሴ 1969 በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ ሁለት ወጣቶች ተገናኙ። ዴቪድ ኮርትና ፓሪ ቲስዴል ይባላሉ። ሁለቱም የቪዲዮ መሣሪያ ይዘው ነበር የሄዱት። ሌላው ሰው ወደ መድረኩ ሲያይ እነሱ ካሜራቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። የኮርት ጓደኛ የነበረችው ሜሪ ከርቲስ ራትክሊፍ ቪዲዮፍሪክስ የሚለውን ስም አወጣች። ቡድኑ እያደር ወደ አሥር ሰው ደረሰ። ናንሲ ኬን፣ ስኪፕ ብሉምበርግ፣ ባርት ፍሪድማን፣ ዴቪድሰን ጂሊዮቲ፣ ቻክ ኬኔዲ፣ ካሮል ቮንቶበልና አን ዉድዋርድ ተቀላቀሉ።

ብዙም ሳይቆይ ያልጠበቁት ዕድል መጣላቸው። ከአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች አንዱ በሆነው በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ረዳት የነበረው ዶን ዌስት ሥራቸውን ወደደው። የወጣቱን ትውልድ ሕይወት የሚያሳይ አዲስ ዝግጅት እንዲሞክሩ ገንዘብ ሰጣቸው። በመኪና አገር አቋርጠው ቀረጹ። ቺካጎ ላይ ፍሬድ ሃምፕተንን አነጋገሩት። ሃምፕተን ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ የኢሊኖይ ክንፍ ሊቀመንበር ሲሆን ዕድሜው ገና 21 ነበር። ቃለ መጠይቁ ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 4 ቀን 1969 ንጋት ላይ፣ ፖሊስ ቤቱን ሰብሮ ገድሎታል። ያ ቴፕ ዛሬ ተተኪ የሌለው የታሪክ ምስክር ነው።

የሲቢኤስ ሹማምንት ዝግጅቱን በዚያው ወር ተመለከቱት። አልፈለጉትም። ዌስትም ሥራውን አጣ። ቡድኑ ከዚህ የተማረው አንድ ነገር አለ፤ በትልቁ ጣቢያ በር በኩል መግባት እንደማይቻል። ምክንያቱ የይዘት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የግማሽ ኢንች ቴፕ ምስል ስለሚዋልል የስርጭት ባለሙያዎች ደረጃውን ያልጠበቀ ነው እያሉ አይቀበሉትም ነበር። የሚገርመው የቤት ቴሌቪዥን ያንን መዋለል በደንብ ይታገሠዋል። ችግሩ ያለው መሃል ላይ፣ በትልቁ ጣቢያ ማሽን ዘንድ ነው። መሃሉን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሰው ቤት የሚልክ ሰው ካለ እንከኑ ይቀላል። ይህ ቴክኒካዊ ነጥብ በኋላ ለሌንስቪል እጅግ ጠቅሟል።

ወደ ተራራው

በ1970 የኒው ዮርክ ግዛት የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በጀት በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ካለ ገንዘብ ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ አደገ። ቪዲዮም ከሚደገፉት ዘርፎች አንዱ ሆነ። ገንዘቡ ግን የግዛቱን ገጠር ጭምር ማገልገል ነበረበት። ቪዲዮፍሪክስ ሚዲያ ባስ የሚል ድርጅት አቋቁመው ድጋፍ ጠየቁ። ሐሳባቸው መሣሪያ ጭነው በየከተማው ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም እየዞሩ ሰው ማሠልጠን ነበር። ተሰጣቸው።

በ1971 ከማንሃተን ወጥተው ሌንስቪል ገቡ። የተከራዩት ቤት ሜፕል ትሪ ፋርም ይባላል። ድሮ የበጋ እንግዶች የሚያርፉበት ማደሪያ የነበረ ባለ 27 ክፍል ትልቅ የእንጨት ቤት ነው። እዚያው አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አብረው ሠሩ። አንዱ ክፍል ስቱዲዮ ሆነ፤ አንዱ የቴፕ መቁረጫ፤ አንዱ የመሣሪያ መጠገኛ።

መንደሯ እነሱን ስታይ መጀመሪያ ተጠራጠረች። አይፈረድባትም። ፀጉራቸውን ያስረዘሙ፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ የከተማ ወጣቶች ገመድ ተሸክመው ሲመጡ ማን አይጠራጠርም? አካባቢው የሠራተኞችና የገበሬዎች ነው። ሰዉ በፖለቲካም በአኗኗርም ከእነሱ የተለየ ነበር። ሌንስቪል ቲቪን ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ጣቢያው ከተመልካቹ ጋር አንድ ዓይነት አስተሳሰብ በነበራቸው ሰዎች የተሠራ አልነበረም። ያገናኛቸው ጉርብትና ነው።

ማሰራጫው

ማሰራጫው የመጣው ከአቢ ሆፍማን ነው። ሆፍማን በዘመኑ እጅግ የታወቀ የተቃውሞ ሰው ነበር። ያለ ፈቃድ ስለማሰራጨት ዘዴ መጻፍ ፈልጎ ነበርና ይሠራ እንደሆነ እንዲሞክሩለት ለቪዲዮፍሪክስ ማሰራጫ ሰጣቸው። በቡድኑ ውስጥ የቴክኒኩን ነገር የሚያውቀው ቻክ ኬኔዲ ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ ግን ነገሩ አደገኛ ነው። አየሩ በጣቢያ የተሞላ ነው፤ ትንሽ ጣልቃ ከገባህ ወዲያው ይታወቃል። ሕጉም የዋዛ አልነበረም። የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን አዋጅ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን ይከለክላል። ቅጣቱ በዚያን ጊዜ እስከ 10,000 ዶላር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርስ ነበር።

ሌንስቪል ሲደርስ ግን ያው ማሰራጫ ሌላ ነገር ሆነ። ተራራው የከተማውን ሞገድ እንዳይገባ እንደሚከለክለው ሁሉ የእነሱንም እንዳይወጣ ያግደዋል። ኃይሉም ትንሽ ስለሆነ ከሸለቆው አያልፍም። ቻናል 3 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ ጣቢያዎች ያልያዙት ነው። ስለዚህ የማንንም ምስል አይረብሹም። ያልተረበሸ ሰው ደግሞ አቤት አይልም። የስርጭት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው አቤቱታ ሲቀርብለት ነው። ጣቢያው አምስት ዓመት ሙሉ ያልተነካበትን ምክንያት ስፈልግ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ድፍረታቸው የራሱ ድርሻ አለው። ተራራው ግን ከድፍረታቸው በላይ ጠብቋቸዋል።

ደግሞም በተራራማ አካባቢ ያለ ፈቃድ ሞገድ መልቀቅ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1950ዎቹ በምዕራብ አሜሪካ ያሉ የሸለቆ ከተሞች የሩቁን ጣቢያ ምስል ተራራ ጫፍ ላይ ተቀብሎ ወደ ታች የሚለቅ ትንሽ መሣሪያ እያዋጡ ይተክሉ ነበር። ፈቃድ የላቸውም። ኮሚሽኑ ሊዘጋቸው ሲል ሕዝቡ ተነሣ። የኮሎራዶ ገዥ የነበሩት ኤድዊን ጆንሰን በ1956 እንዲያውም በራሳቸው ሥልጣን ሊፈቅዱላቸው ሞከሩ። በመጨረሻ ኮሚሽኑ መልሶ ማሰራጨትን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ይሁንና አንድ ነገር ተከለከለ፤ የራስን ዝግጅት መሥራት። የሌላውን ምስል ማስተላለፍ ይቻላል፤ የራስን መንደር ማሳየት አይቻልም። ሌንስቪል የጣሰችው ይህንን መስመር ነው።

በከተማ ግን በዚያው ሰሞን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ማንሃተን ውስጥ በ1971 በኬብል ቴሌቪዥን ማንም ሰው የሚጠቀምበት የሕዝብ ቻናል ተጀመረ። በ1972 ኮሚሽኑ በትልልቅ ከተሞች ያሉ የኬብል ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት ቻናል እንዲሰጡ አዘዘ። ሸለቆው ውስጥ ግን ኬብል የለም። ሕጉ ለከተሜው ድምፅ ሰጠ፤ ለገጠሩ አልሰጠም። እኔ እንደማየው ያለ ፈቃድ መሥራታቸው የአመፅ ፍላጎት ብቻ አልነበረም። ሌላ መንገድ ስላልነበረም ነው።

መጋቢት 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

በአውሮፓውያን መጋቢት 19 ቀን 1972 ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ሌንስቪል ቲቪ በዚያን ቀን ተጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከካሜራ ወይም ከቴፕ የሚወጣው ምስል ወደ ቻናል 3 ሞገድ ይቀየራል፣ ማሰራጫው ያጎላዋል፣ አንቴናው ይለቀዋል። ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ቻናል 3 ላይ ያደርጋል። በቃ። ልዩ ያደረገው ግን ስልኩ ነበር። በቀጥታ ስርጭት ላይ ስልክ ቁጥራቸውን ይናገራሉ፤ ተመልካች ይደውላል፤ ድምፁ በስርጭቱ ይሰማል። ምስሉ ደርሷል? ጠርቷል? ድምፁስ? እነሱ የራሳቸውን ሞገድ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያውቁት ከደዋዩ ነው። እንዲህ እያለ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጣቢያው ቴክኒሻን ሆነ። ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል።

ይዘቱን በአንድ ስም መጥራት ይከብዳል። የመንደር ወሬ አለ። ጎረቤትን ማነጋገር አለ። ሌሎች የቪዲዮ ቡድኖች የላኳቸው ቴፖች አሉ። ልጆች የሚተውኑባቸው ድራማዎች አሉ። ባርት ፍሪድማን የካውቦይ ልብስ ለብሶ የሚሠራው ተከታታይ ቀልድ ነበር፤ የመንደሩ ሰዎችና ልጆች አብረውት ይተውናሉ። ናንሲ ኬን ደግሞ በ1973 ከአንዲት የመንደሯ ነዋሪ ጋር አጭር ቪዲዮ ሠራች። ሴትዮዋ የቤት እመቤት ናት። ምግብ ታበስላለች፣ ልጆች ትጠብቃለች። ከዚያ አንድ ቀን በቃኝ ብላ ዕቃዋን ሸክፋ መኪናዋን አስነሥታ ትሄዳለች። ይህ ምናብ ነው፤ ሴትዮዋ በእውነተኛው ሕይወቷ የትም አልሄደችም። ግን የራሷን ኩሽናና የራሷን ፊት ይዛ ነው የተወነችው። እኔ ከጣቢያው ሥራዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። የከተማ ሰው መጥቶ ስለ ገጠር ሴት የሠራው ዘገባ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ነፃነት አይገኝበትም። እሷና ናንሲ ጎረቤታሞች ናቸው። ካሜራውን አምናዋለች።

መተማመኑ በአንድ ቀን አልመጣም። ቪዲዮፍሪክስ ከቀረጹ በኋላ ለተቀረጸው ሰው ወዲያው ያሳዩት ነበር። ፊልም ቢሆን መታጠብ አለበት፤ ቴፕ ግን ተጠቅልሎ ወዲያው ይታያል። ከዚያም ያው ሰው ምሽት ላይ ቤቱ ሆኖ ራሱን በቴሌቪዥን ያየዋል። ጎረቤቱም ያየዋል። በማግስቱ መንገድ ላይ ይወራበታል። ስለ ሰው መጥፎ ነገር አሰራጭተህ በማግስቱ ያንኑ ሰው መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ትልቅ ጣቢያ እንዲህ ዓይነት ተጠያቂነት የለውም። በየትኛውም የጋዜጠኝነት መመሪያ ሊጻፍ ይችላል፤ እንዲህ ሲኖር ግን የታየው ጥቂት ቦታ ነው።

ስለ ቁጥሩም ልጨምር። ከመጋቢት 1972 እስከ የካቲት 1977 ያሉትን ሳምንታት ብንቆጥር 256 ገደማ ናቸው። ስርጭቶቹ 258 ናቸው። ስለዚህ በአማካይ በየሳምንቱ አንድ ስርጭት ነበረ ማለት ነው። ያለ ደመወዝ መዋቅር፣ ያለ ማስታወቂያ፣ የካትስኪል ክረምት ባለበት አገር። ፕሮግራም የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሳምንቱ ቶሎ ይደርሳል።

የቡድኑ አባላት በዚህ ሁሉ መሃል ሌላም ሥራ ነበራቸው። በ1972 የተወሰኑት ማያሚ ሄደው የዲሞክራትና የሪፐብሊካን ፓርቲዎችን ጉባኤዎች በፖርታፓክ ከቀረጸው ቡድን ጋር ሠሩ። በ1973 ደግሞ መሣሪያውን ስለመጠቀምና ስለመጠገን በሥዕል የተደገፈ መመሪያ አሳተሙ። የመሣሪያው ጥገና ራሱ ሥራ ነበር። ቴፑን የሚያነበው የመቅረጫው ጭንቅላት ይቆሽሻል፣ ቴፑ ይጨማደዳል፣ ባትሪው ይሞታል። ጠጋኝ አጠገብ የለም። ራስህ ካልጠገንከው የዚያ ሳምንት ስርጭት ቀረ ማለት ነው።

እንዴት ቆመ

የመጨረሻው ስርጭት በየካቲት 1977 ሆነ። ድራማ የለበትም። ማንም በር አላንኳኳም።

ጣቢያው ሁለት ምሰሶ ነበረው። አንዱ የግዛቱ ድጋፍ ነው። ይህ ድጋፍ ተመልካች ከፍሎት ወይም ነጋዴ አስተዋውቆበት የመጣ አይደለም። በየዓመቱ ማመልከቻ ተጽፎ የሚለመን ነው። የሚሰጠውም ለሥልጠናና ለሥነ ጥበብ ሥራ እንጂ ያለ ፈቃድ ለሚሠራ ጣቢያ ተብሎ አይደለም። ጣቢያው በዚያ ሥራ ጥላ ሥር ነው የኖረው። ሁለተኛው ምሰሶ አሥሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ አብረው ሲኖሩ ኪራዩም ምግቡም ይቀላል፣ ጉልበቱም ነፃ ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ይኖራል። ከስድስትና ሰባት ዓመት በኋላ ግን ልጅ ይወለዳል፣ የራስ ቤት ያምራል፣ የራስ ሥራ ይጠራል። ስኪፕ ብሉምበርግ ለምሳሌ በራሱ ስም የታወቀ የቪዲዮ ሠሪ ሆነ። በ1978 ቡድኑ ሜፕል ትሪ ፋርምን ለቀቀ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። መንደሯ ለምን አልተረከበችውም? ሰዉ ስርጭቱን ይወደው ነበር፣ ይደውል ነበር፣ ይተውን ነበር። ማሰራጫውን የሚያዝ፣ ቴፑን የሚቆርጥ፣ ማመልከቻውን የሚጽፍ ግን ያው የቤቱ ሰው ነበር። እንግዳ ሆኖ የመጣው ቡድን ሲሄድ ጣቢያውም አብሮት ሄደ። ይህን የምለው እነሱን ለመውቀስ አይደለም። ፈቃድ ባይኖርም ይቻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን መልሱ አይቻልም የሚል ይመስለኛል። ሕገ ወጥ ነገር ለሰው አይወረስም። ለከተማው ምክር ቤት ወይም ለትምህርት ቤቱ ውሰዱት ልትል አትችልም። ፈቃድ ማጣቱ ጣቢያውን የጎዳው በዚህ በኩል ነው። እንዳይሠራ አላገደውም፤ ወራሽ እንዳያገኝ ግን አደረገው።

ሕጉ ከኋላ ሲደርስ

የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ስለ ትናንሽ ጣቢያዎች ጥናት የጀመረው በ1978 ነው፤ ሌንስቪል ቲቪ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ። ፓሪ ቲስዴል ዋሽንግተን ሄዶ ለኮሚሽኑ በዚህ ጉዳይ ሠራ። ያለ ፈቃድ ሲያሰራጭ የኖረ ሰው ፈቃዱ ምን መምሰል እንዳለበት አማካሪ ሆነ። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ኮሚሽኑም የሰማውን ልምድ ከሌላ አያገኘውም ነበር።

ኮሚሽኑ አነስተኛ ኃይል ያለው ቴሌቪዥን የሚባለውን ዘርፍ በ1982 በሕግ አቋቋመ። መልሶ ማሰራጫዎች የራሳቸውን ዝግጅት እንዲሠሩ ተፈቀደ። ያ አሮጌ መስመር ተነሣ። የዚህ ዓይነት የመጀመሪያ ጣቢያ ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ 1981፣ በሚኒሶታ ግዛት ቤሚጂ በምትባል ትንሽ ከተማ በቻናል 26 ሥራ ጀምሮ ነበር። ለእነዚህ ጣቢያዎች የተሰጠው ቦታ ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ትልቁን ጣቢያ ከረበሹ ይዘጋሉ፤ ትልቁ ከረበሻቸው ደግሞ ይችሉታል።

በሩ ሲከፈት የገባው ብዙ ነው። ገና ሕጉ ሳይጸድቅ ማመልከቻው ስለጎረፈ ኮሚሽኑ በ1981 መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ መንደራቸውን ለማሳየት የፈለጉ ጎረቤታሞች አልነበሩም። በየግዛቱ ብዙ ቻናል በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚፈልጉ ድርጅቶች ነበሩ። በኋላ ዕጣ መጣል ተጀመረ። ዕጣው ደግሞ ማን ጎረቤት እንደሆነ አይለይም። እኔ ይህ ስህተት ነበር እላለሁ። ሌንስቪል ያሳየችው ኃይሉ ትንሽ የሆነ ማሰራጫ ጥቅም እንዳለው ብቻ አይደለም። ሠሪውና ተመልካቹ በአንድ መንገድ ሲመላለሱ ምን እንደሚፈጠር ነው። ሕጉ የመጀመሪያውን በዋት ለክቶ ጻፈው። ሁለተኛውን አልጻፈውም።

ደግ የሠሩም አሉ። በትናንሽ ከተሞች የትምህርት ቤት ጨዋታ፣ የምክር ቤት ስብሰባና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚያሳዩ ትናንሽ ጣቢያዎች ተፈጥረዋል። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ በእንግሊዝኛ የማይናገሩ ማኅበረሰቦችን የሚያገለግሉ ብዙ ናቸው። ሆኖም ወጪው እየከበደ መጣ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሰኔ 2009 ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ለትናንሾቹ ጊዜ ተሰጣቸው። የእነሱ የአናሎግ ስርጭት በመጨረሻ ያበቃው በሐምሌ 13 ቀን 2021 ነው። አዲስ ማሰራጫ መግዛት ያልቻለ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፈቃዱን መልሷል። በ2016 እና በ2017 የተካሄደው፣ የቴሌቪዥን ሞገድ ለሌላ አገልግሎት የተሸጠበት ጨረታም አብዛኞቹን አልጠበቃቸውም፤ ቻናላቸውን ለቀው ሌላ እንዲፈልጉ የተገደዱ ነበሩ።

ቲስዴል ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ገጠር ተመልሶ የአካባቢ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ቴፖቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በየሰው ቤት ተከማችተው ቆዩ። ግማሽ ኢንች ቴፕ ሲያረጅ ማጣበቂያው ይለሰልስና ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። ለማንበብ በዝግታ ማሞቅ፣ ማጽዳትና የዘመኑን ማሽን አድሶ መጠቀም ያስፈልጋል። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑት የቡድኑ ቴፖች ዛሬ ቺካጎ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቪዲዮ ማህደር ውስጥ አሉ። የታደሱት ለትምህርት ቤቶችና ለሙዚየሞች ይሰጣሉ። በ2015 የኒው ፓልትዝ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስለ ቡድኑ ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ነበር። ኒው ፓልትዝ ከሌንስቪል ሩቅ አይደለችም። በመኪና ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።